መብራት የጠፋበት እሁድ፦ የአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጉዳይ

መብራት የሄደው በሦስተኛው መዝሙር መሃል ነው። ማይኩ ዝም አለ። ቤዝ ጊታሩ ዝም አለ። ኪቦርዱም አብሮ ዝም አለ። የቀሩት ድራሙና ሕዝቡ ብቻ ናቸው። ጄኔሬተር ሊያስነሱ የሮጡት ወንድሞች ናፍጣ የለም ብለው ተመለሱ። የኳየሩ መሪ ዞር ብላ አዳራሹ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የቆመውን አሮጌ ፒያኖ አየች። ቀጥላ ኪቦርድ ተጫዋቹን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

ያን እሁድ እኔ እንግዳ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ኳየሩ ውስጥ ስላለች ልሰማት ነው የሄድኩት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ልጅ ወደ ፒያኖው ሄደ፣ ጨርቁን ገፈፈ፣ ክዳኑን ከፍቶ ተቀመጠ። መዝሙሩ ሲዘመር የነበረው በኢ ፍላት ነው፤ የመነሻው ድምፅ ስም ነው። እሱ በሲ ጀመረው። ሦስት ግማሽ ድምፅ ወረደ ማለት ነው። ሴቶቹ ታች ሲወርዱ ድምፅ አጡ፤ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ጭራሽ ማጉረምረም ያዙ። አዝማቹ ላይ ሳይደርሱ ልጁ እጁን አነሳ። ሕዝቡ መዝሙሩን በጭብጨባ ጨረሰው። እውነቱን ለመናገር ያ ጭብጨባ ከኪቦርዱ ይልቅ አምሮበት ነበር።

ከፕሮግራሙ በኋላ በረንዳ ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ፒያኖ እንደማስተምር የእህቴ ልጅ ነግራዋለች መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው ማስረዳት ጀመረ። «ጋሼ፣ ኪቦርዱ ላይ እኮ ፕላስ 3 አድርጌው ነበር» አለኝ።

ችግሩ በሙሉ እዚህች አረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

ለማይጫወቱ አንባቢዎች ላስረዳ። ኪቦርድ ላይ ትራንስፖዝ የሚባል በተን አለ። ሲጫኑት ስክሪኑ ላይ +1፣ +2፣ +3 እያለ ይሄዳል። +3 ላይ ካደረጉት ጣት የሚነካው ሲ ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ኢ ፍላት ነው። ስለዚህ ዘማሪው መዝሙሩን በፈለገው ከፍታ ቢያነሳ፣ ተጫዋቹ ጣቱን ከነጮቹ ቁልፎች ሳያነሳ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ልጁ አራት ዓመት ኖሯል። ፒያኖ ደግሞ ይህ በተን የለውም።

በተኑን ልነቅፍ አልፈልግም። ዘማሪዋ ጉንፋን ይዟት ስትመጣ እኔም ተጭኜዋለሁ። ልጁም ሰነፍ አልነበረም። ያኔ 19 ዓመቱ ነው። በ15 ዓመቱ ከእሱ በፊት የነበረው ተጫዋች ወደ ውጭ ሲሄድ «አንተ ትንሽ ትነካካለህ አይደል?» ተብሎ ነው የተቀመጠው። ያስተማረው ሰው የለም። ከስልክ እያየ፣ ከታላላቆቹ እየሰረቀ ተማረ። ጆሮው ጉድ ነው። ታክሲ ውስጥ የሰማውን መዝሙር ማታ ቤቱ ገብቶ ከነመግቢያው ይጫወተዋል። በሲ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ቤቴ መጣ። ዘጠኝ ወር ያህል በሳምንት አንድ ቀን ተማረ። የሚከተለው የዚያ ዘጠኝ ወር ታሪክ ነው፤ የመጀመሪያው ስድስት ሳምንት ግን የእኔ ስህተት ነው።

እኔ የተማርኩት በመጽሐፍ ነው። ስለዚህ ለእሱም መጽሐፍ ከፈትኩለት። ከአምስት ጣት ልምምድ ጀምሬ፣ ኖታ ማንበብ፣ ስኬል መውጣትና መውረድ እያልኩ ሄድኩ። አራት ዓመት ሙሉ ጉባኤ ፊት የተጫወተ ወጣት የአንደኛ ክፍል ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። ጣቱ ይሠራል፣ ጆሮው ግን ተኝቷል። በአራተኛው ሳምንት ቀረ። በአምስተኛው «ታምሜ ነው» አለ። በስድስተኛው መጣ፤ ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ ከሳሎን የሰማሁት ሌላ ሰው ነው። አንድ የንስሐ መዝሙር ነበር፣ ቀስ ያለ፣ በየመሃሉ ትንፋሽ ያለው። ግራ እጁ የዘማሪውን እረፍት እየጠበቀ ይገባል። በመጽሐፉ ያንን ለማስተማር ሦስት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር።

መጽሐፉን ዘጋሁት። የልጁ መማሪያ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር፤ ምናልባት 200 መዝሙር ያህል። የእኔ ሥራ እዚያ ውስጥ ላለው ነገር ስም ማውጣት ነው አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሕግ ብቻ ሰጠሁት። ዛሬ ነጮቹ ቁልፎች የሉም፣ ጥቁሮቹን ብቻ ነው የምትነካው አልኩት። ሳቀ። ከኤፍ ሻርፕ ጀምሮ አምስቱን ጥቁሮች በተራ እንዲነካ አደረግሁት። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወረደና እጁን አቆመ። «ጋሼ፣ ይሄ ትዝታ ነው እኮ!»

ነው። አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ከኤፍ ሻርፕ ሲነሱ ትዝታ ሜጀርን ይሰጣሉ። ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ የሚሆነው ማለት ነው። ቀጥዬ አሜዚንግ ግሬስ የሚባለውን የእንግሊዞች መዝሙር እዚያው ጥቁሮቹ ላይ ፈልጎ እንዲያወጣ ጠየቅሁት። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት። ግጥሙ በ1779 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የታተመ ነው። ዛሬ የምናውቀው ዜማ የተገጠመለት ደግሞ በ1835 አሜሪካ ውስጥ ነው። ዜማው ከአምስት ድምፅ አይወጣም፤ አምስቱም የእኛ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ናቸው። ልጁ ይህን መዝሙር ሲሰማ «አገራችን አገራችን ይላል» የሚለው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባው። እኔ አንዲት የቴዎሪ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ቁጥር ገባን። ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ማለቱን ትቶ አንድ፣ አራት፣ አምስት እንዲል አደረግሁት። ቁጥሩ ከመነሻው ድምፅ ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። አንድ ማለት ቤት፣ መነሻው ራሱ ነው። አራት ከቤት መውጣት ነው። አምስት በር ላይ ቆሞ ማንኳኳት ነው። ስድስት ያው ቤት ሆኖ መጋረጃው የተዘጋበት ነው። (ምሳሌዎቹ የእሱ ናቸው፤ እኔ ይህን ያህል አልራቀቅም።) መዝሙሩ በቁጥር ከተያዘ ከየትም ይነሳል። በሲ አንድ አራት አምስት ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ከሆነ፣ በኢ ፍላት ኢ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላት ነው። የቤት ሥራው አንድ መዝሙር በሳምንት፣ በሦስት መነሻ። እቤቱ ባለችው ትንሽ ኪቦርድ ትራንስፖዝ በተን ላይ ፕላስተር ለጠፈበት። ሁለት ጊዜ እንደላጠው ኋላ ተናዟል።

ይህ ክፍል ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ድካም ነው፣ መደጋገም ነው፤ በሦስት ወር ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ዲ እጁ ገቡ።

ከባዱ ነገር ከዚህ ቀጥሎ መጣ። የኳየሩ አልቶዎች፣ ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ የሚዘምሩት፣ ቅሬታ ነበራቸው። «እሱ ሲጫወት ድምፃችን ይጠፋብናል» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የሳውንድ ችግር መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሁለቱን እጁን ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀኝ እጁ ሦስት ጣቱን እንደ ሹካ አድርጎ ይዟል። ከኤፍ ወደ ጂ ሲሄድ ሹካው እንዳለ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ይነሳል። ግራውም ከስር አብሮ ይነሳል። አራት ሰዎች በአንድ ገመድ ታስረው ደረጃ ሲወጡ ማለት ነው። አልቶዋ የምትይዘው የራሷ መንገድ የላትም።

እንዲህ አደረግን። ባሱ ከኤፍ ወደ ጂ ወደ ላይ ይውጣ። የቀኝ እጅ ሦስት ድምፆች ግን ወደ ታች ይውረዱ፤ ሲ ወደ ቢ፣ ኤ ወደ ጂ፣ ኤፍ ወደ ዲ። ሁለቱ ኮርዶች፣ በአንዴ የሚመቱት የድምፅ ስብስቦች፣ የሚጋሩት ድምፅ ስለሌለ ባስና ላይኞቹ በተቃራኒ መሄድ አለባቸው። የሚጋሩት ካለ ደግሞ የተጋሩትን ጣት አታንሳው። ከሲ ወደ ኤፍ ሲኬድ ሲ ይቆያል። ከሲ ወደ ኤ ማይነር ሲኬድ ሲ እና ኢ ይቆያሉ፣ የምትንቀሳቀሰው አንዲት ጣት ናት። ልጁ ይህን ሲሞክር መጀመሪያ ያለው ነገር ትዝ ይለኛል። «ምንም ያልተጫወትኩ መሰለኝ።» ትክክል ነው። ብዙ የማይንቀሳቀስ እጅ ለዘማሪ ትልቅ እረፍት ነው።

ለዚህ ልምምድ የመረጥኩት ዜማ በ1551 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ውስጥ በታተመ የመዝሙረ ዳዊት ዜማ መጽሐፍ ላይ የወጣ ነው። እዚያ ለመዝሙር 134 ነበር የተሠራው። እንግሊዞች መዝሙር 100ን ስለዘመሩበት «አሮጌው መቶኛ» የሚል ስም ወጣለት። ልጁ በልጅነቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ሰምቶታል። የመጀመሪያው ስንኝ በቁጥር 1 1 7 6 5 1 2 3 ነው። አንድ ደረጃ እንኳ ሳይዘል ከቤት ወደ አምስት ይወርዳል፤ ተመልሶ ቤት ይገባና ወደ ሦስት ይወጣል። እያንዳንዱ ድምፅ ላይ ቆም ማለት ይቻላል። ፈጣን ነገር የለበትም፣ ማስጌጥ የለበትም። ለአራት ድምፅ ሥራ፣ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ የየራሳቸውን መንገድ ለሚሄዱበት፣ ከዚህ የተሻለ ዜማ አላውቅም።

አሠራሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ተማሪዎቹን እንዴት ያስተምር እንደነበር ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በ1775 እ.ኤ.አ. ለፎርክል፣ ኋላ የባኽን የሕይወት ታሪክ ለጻፈው ሰው፣ በደብዳቤ ነግሮታል። ባኽ ተማሪውን በቀጥታ በአራት ድምፅ ሥራ ይጀምረዋል። ከዚያ ሉተራውያን ምእመናን ወደሚዘምሯቸው መዝሙሮች ይወስደዋል። መጀመሪያ ባሱን ራሱ ባኽ ይጽፋል፤ ተማሪው አልቶና ቴነሩን ይፈልጋል። ሲለምድ ባሱንም ራሱ እንዲያወጣ ይተወዋል። እኔም ቃል በቃል ይህንኑ አደረግሁ። ባሱን ጻፍኩለት። የመሃሉን ሁለት ድምፅ ራሱ አወጣ።

አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። ሦስቱን ድምፆች እየተጫወተ አራተኛውን በአፉ እንዲዘምር። አልቶውን ሲዘምር ጣቱ ይጠፋበታል፤ ጣቱን ሲይዝ አልቶው ወደ ዜማው ይሸሻል። ሁለት ሳምንት ላብ በላብ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት የእህቴን ልጅና ሌሎች ሦስት ዘማሪዎች ቤቴ ጋበዝኩ። ቡና ተፈላ። ልጁ የጻፈውን አራት ድምፅ ወረቀት ላይ አድርገን አዘመርናቸው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቴነሩ ቆመና «ይሄ ከየት ወዴት ነው የሚዘለው?» አለ። ልጁ ወረቀቱን አየ። ቴነሩን ሰባት ደረጃ አዝልሎታል። ፒያኖ ላይ ጣት ይዘላል፣ አይታወቅም። ጉሮሮ ግን አይዘልም። እዚያው ቁጭ ብሎ አስተካከለው። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ብናገር እንዲህ አይገባውም ነበር።

አሁን ወደ ተጣላንበት ጉዳይ ልምጣ።

በአምስተኛው ወር አንድ በትዝታ ሜጀር የተሠራ የቆየ መዝሙር ይዞ መጣ። ራሱ ኮርድ አስገብቶለታል። አንድ፣ ስድስት፣ አራት፣ አምስት ሰባት (በሲ ጂ ሰባት ማለት ነው)። የስንኙ መጨረሻ ላይ ጂ ሰባትን ደቅ አደረጋት፣ ከዚያ ቤት ገባ። እንደ ሕጉ ስህተት የለበትም። ግን መዝሙሩ ልብሱን ቀይሮ ወጣ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም። አምስት ወደ አንድ ነው። ጋሼ ራስህ ነህ ያስተማርከኝ።»

ልክ ነው፣ ራሴ ነኝ። ግን ይቆጠር። ትዝታው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ከነጮቹ ቁልፎች ውስጥ የሌሉት ሁለት ናቸው፤ ኤፍ እና ቢ። ጂ ሰባት ማለት ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ ነው። ዜማው አውቆ የተዋቸውን ሁለቱን ድምፆች፣ አንዱንም ሳያስቀር፣ ይዞ የሚመጣ ኮርድ ነው። የአውሮፓ ዜማ ያንን ውጥረት ይፈልገዋል፤ ቢ ወደ ሲ፣ ኤፍ ወደ ኢ ሊገባ ይቸኩላል። ትዝታ ውስጥ ግን የሚቸኩል የለም። ግማሽ ድምፅ የሚባል ርቀት እዚያ የለማ። አምስቱን ድምፅ በአንዴ ብትጫናቸው እንኳ አይጋጩም፣ እንደ ደወል ነው የሚያስተጋቡት።

ልጁ አልተዋጠለትም። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጫወተው» አለ። እሱም እውነት ነው። ዛሬ በየስቱዲዮው የሚሠራው አብዛኛው መዝሙር እንደዚያ ነው፣ ሰውም ለምዶታል። ጂ ሰባት ኃጢአት ነው አላልኩም። ስታስገባው አውቀህ አስገባው ነው ያልኩት። ከዚያ ቢዋን አስነሳሁት። ኤፏንም። የቀረው ጂ እና ዲ ነው፤ ከላይ ኤ ጨመርን። ተጫወተው። ደግሞ ተጫወተው። መስኮቱን ትንሽ አየና በሦስተኛው ጊዜ እየዘመረ ተጫወተው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ አልተከራከርንም። እኔም ለሁለት ሳምንት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ቅጂዎች እንዲሰማ አደረግሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ በፒያኖ የእኛን ቅኝት እንዴት እንደሚያናግሩት መስማት ከእኔ ንግግር ይበልጣል።

አምባሰል ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ገጠመን። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ልጁ እንደ ልማዱ ቤቱ ላይ ሲ ሜጀር አስቀመጠ። ኢ ከኤፍ ጋር ተጋጨ። ሲ ማይነር አደረገው፤ ኢ ፍላትም የለችም። «ታዲያ ቤቱ ሜጀር ነው ማይነር?» አለ። ሁለቱንም አይደለም። ሜጀርና ማይነርን የሚለየው ሦስተኛ ድምፅ ቤቱ ላይ የለም። ከአምስቱ ድምፆች የሚወጡት ሙሉ ኮርዶች ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ከቤት ውጭ። ስለዚህ ቤት ስትገባ ግራ እጅህ ሲ እና ጂን ብቻ ይያዝ፣ መሃሉን ባዶ ተወው አልኩት። የበገና ድምፅ ሆነ። እኔም ሁልጊዜ ያንን ባዶ ቦታ ስሰማ ጀርባዬን ይወረኛል።

መሃል ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ይህን ስጽፍ የሚጠይቀኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እዚህ የማወራው ኪቦርድና ኮርድ ስለሚጠቀሙ የወንጌላውያን መዝሙሮች ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚሄድ ሌላ ዓለም ነው። ኮርድ አይፈልግም። ተማሪዬ ኮርድ ልሞክርለት ብሎ ነበር፤ እኔ በበኩሌ ተው ብዬዋለሁ። ፒያኖ የእኛን ቅኝት እንኳ በግምት ነው የሚይዘው። ማሲንቆ ያዢ ጣቱን ፀጉር ታህል ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ፒያኖ ግን የተቃኘውን ነው የሚሰጥህ፤ ያዳራሹ ፒያኖማ እሱንም አይሰጥም።

ውጤቱን እንዳለ ልንገራችሁ። ዘጠነኛው ወር ላይ በልምምድ ሰዓት ዘማሪዋ ድምፅ ጎድሏት መጣች። «በግማሽ ታወርድልኛለህ?» አለችው። ከኢ ፍላት ወደ ዲ ማለት ነው። እጁ ወደ በተኑ አልሄደም። ጀመረው። አልቶዎቹ ተያይተው ሳቁ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። አዝማቹ ካለቀ በኋላ ያለው መሸጋገሪያ ላይ ደርሶ ተሳሳተ፤ ስድስት ቁጥሩን ኮርድ ከቀድሞው ኢ ፍላት ቤት አመጣው። ሲ ማይነር መታ፣ መሆን የነበረበት ቢ ማይነር ነው። ቤዝ ጊታሪስቱ አፈጠጠበት። በሁለተኛው ዙር አስተካከለው።

ያልተሳካው ኖታ ማንበቡ ነው። ዛሬም አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ አንዴ ካነበበው ጆሮው ስለሚይዘው ዳግም ወረቀቱን አያይም። ምናልባት ከመጀመሪያው ትንሽ ትንሽ ከመዝሙሩ ጋር እያቀላቀልኩ ብሰጠው ይሻል ነበር። ከመጽሐፍ ሸሽቼ ስወጣ ማንበቡንም አብሬ ጣልኩት። በሚቀጥለው ተማሪ እንዲህ አላደርግም። ሌላው፣ የጣት አቀማመጡ እስካሁን ያሳስበኛል፤ አውራ ጣቱን ከቁልፉ ውጭ ያንጠለጥላል፣ ፈጣን መዝሙር ላይ ክንዱ ይደነዝዛል።

ባለፈው ሳምንት ኤፍ ሻርፕን ጀመርን። ትዝታን መጀመሪያ ያገኘበት ቤት ነው፣ አምስቱን ጥቁሮች ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታቸዋል። ሰባቱን ድምፅ በሙሉ፣ ከነ አራት ቁጥርና ከነ አምስት ቁጥር ኮርዱ ስጠይቀው ግን ቆመ። ቢን አገኘ። ኢ ሻርፕን ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣት።

«ጋሼ፣ ይቺ ኤፍ አይደለችም እንዴ?»

«ጣትህ ያገኛት እሷኑ ነው። ስሟ ግን ዛሬ ሌላ ነው» አልኩት።

ቁልፏን ሁለት ሦስቴ መታት። «እሺ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት» አለና ተነሳ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የደረጃውን መውረጃ በስልክ አበራሁለት።